ተገጣጣሚው አውሮፕላን ልጄን ያስተምረዋል ወይስ ያዘናጋዋል?

ጥያቄ፦ «የምንኖረው ደሴ ነው። የ10 ዓመት ልጅ አለኝ፤ አራተኛ ክፍል ነው። አክስቱ ከዱባይ ተገጣጣሚ የፕላስቲክ አውሮፕላን ላከችለት። ሳጥኑ ላይ የጦር አውሮፕላን ሥዕልና 1/72 የሚል ቁጥር አለ። ውስጡ ብዙ ቁርጥራጭ ነው፤ ሙጫ የለውም። አባቱ ‹ይሄ ጨዋታ ነው፣ ያዘናጋዋል፣ ይልቅ ሒሳቡን ይሥራ› ይላል። እኔ ደግሞ ዕቃው ውድ ስለሆነ እንዳያበላሸው የአጎቱ ልጅ እንዲሠራለት አስቤያለሁ። የ6 ዓመት እህት አለችው፤ እሷን አላስነካም ብሏል። እውነት ይሄ ነገር ለልጅ ትምህርት ይጠቅማል?»

ምላሽ፦ አብሽሩ እህቴ፣ ይጠቅማል። የአጎቱን ልጅ ግን ከሐሳብዎ ያውጡ። አውሮፕላኑን ትልቅ ሰው ከሠራለት ለልጅዎ የሚተርፈው አንድ አሻንጉሊት ነው፤ ያውም ሲነኩት ክንፉ የሚረግፍ። ትምህርቱ ያለው ሥራው ላይ ነው። ተጣሞ ቢገጣጠም፣ ሙጫው ቢዝረከረክ፣ አንድ ጎማ ቢጠፋ እንኳ በራሱ እጅ የሠራው ይሻለዋል። ሥራዬ የመምህራን ስልጠና ነው፤ ልጆች በእጃቸው ሲሠሩ ምን እንደሚማሩ ማየት የዕለት ተዕለት ጉዳዬ ስለሆነ ዘርዘር አድርጌ ልመልስልዎት።

በአባቱ ልጀምር። ስጋቱ ከመሬት የተነሳ አይደለም። ዛሬ «ልጅዎን ብልህ ያደርጋል» የሚል ጽሑፍ ያልተለጠፈበት መጫወቻ ማግኘት ይከብዳል። በደንብ የተጠናው ጉዳይ ይሄ ነው፦ አንድን ቅርጽ በሐሳብ ማገላበጥ፣ ከጎን ወይም ከኋላ ቢታይ ምን እንደሚመስል መገመት የሚባል ችሎታ አለ። ለሒሳብ፣ ለሳይንስና ለምህንድስና ይረዳል። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ አንድ ትልቅ ሥራ 217 ጥናቶችን ሰብስቦ መርምሮ ነበር። ችሎታው በልምምድ እንደሚሻሻልና መሻሻሉም ቶሎ እንደማይጠፋ አሳይቷል። ሴቱም ወንዱም ይሻሻላል። ጥናቶቹ ግን ብዙ ዓይነት ልምምድ የያዙ ናቸው፤ የኮምፒውተር ጨዋታና መደበኛ ኮርስ ሳይቀር አለበት። ስለ ፕላስቲክ አውሮፕላን ብቻ የተባለ ነገር አይደለም። ስለዚህ «ይህን የገጣጠመ ልጅ ሒሳብ ይደፍናል» የሚል ሰው ካጋጠመዎት አይመኑት። አባቱንም በዚህ ቃል ለማሳመን አይሞክሩ።

እኔ ለዚህ ሳጥን ትልቅ ግምት የምሰጠው በሌላ ምክንያት ነው። ውስጡ ያለውን መመሪያ ያውጡና ይመልከቱት። ጽሑፍ የለውም ማለት ይቻላል። ሥዕል፣ ቁጥርና ቀስት ብቻ ነው። ልጁ ወረቀት ላይ ጠፍጣፋ ሆኖ የተሣለውን ነገር አይቶ እጁ ላይ ካለው ቁርጥራጭ ጋር ማዛመድ አለበት። የግራው ክንፍ የቱ ነው? ይህ ቀዳዳ ወደ ላይ ነው ወደ ታች? ቀስቱ የሚያሳየው ማስገባትን ነው ወይስ ማዞርን? ይህም ንባብ ነው። ትምህርት ቤቶቻችን ፊደል ማንበብን ያስተምራሉ፤ ንድፍ ማንበብን ግን ብዙም አያስተምሩም። ነገ ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ገብቶ ማሽን የሚተክለው ቴክኒሻን፣ የቤት ፕላን የሚያነበው ግንበኛ፣ ኤሌክትሪክ የሚዘረጋው ባለሙያ ሁሉም የሚኖሩት በዚህ ንባብ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ይጠንቀቁ። ቁርጥራጮቹ በቀጫጭን የፕላስቲክ ዘንግ ፍሬም ላይ ተያይዘው ነው የሚመጡት። መለያ ቁጥራቸው የተጻፈው ቁርጥራጩ ላይ ሳይሆን ከጎኑ ፍሬሙ ላይ ነው። ልጅ ደግሞ ሳጥን ሲከፍት የመጀመሪያ ምኞቱ ሁሉንም ነቅሎ መዘርገፍ ነው። ያን ካደረገ የትኛው የት እንደሚገባ ማወቅ ቀርቶ መገመትም ጭንቅ ነው። አንዱን ቆርጦ፣ ጠርዙን አስተካክሎ፣ ያለ ሙጫ ገጥሞ ካየ በኋላ ብቻ ወደሚቀጥለው ይለፍ። «መጀመሪያ ያለ ሙጫ» የሚለው ሕግ ግድግዳ ላይ ቢጻፍለት ጥሩ ነው።

አሁን ወደ 1/72 እንምጣ፤ አባቱን የሚያሸንፉት እዚህ ጋ ነው። ቁጥሩ የሚለው ሞዴሉ ላይ 1 ሴንቲ ሜትር የሆነው ነገር እውነተኛው አውሮፕላን ላይ 72 ሴንቲ ሜትር ነው ማለት ነው። ቁጥሩ የመጣው ከእንግሊዞች መለኪያ ነው፤ 6 ጫማ 72 ኢንች ስለሆነ 1 ኢንች ለ6 ጫማ ይቆማል። እ.ኤ.አ. በ1942 የአሜሪካ ባሕር ኃይል ከትምህርት ቤቶች ግማሽ ሚሊዮን የአውሮፕላን ሞዴል ሲጠይቅ ተማሪዎቹ ከእንጨት የቀረጹት በዚሁ ስኬል ነበር። ሞዴሎቹ ወታደሮች የወዳጅን አውሮፕላን ከጠላት እንዲለዩ ማሰልጠኛ ሆኑ።

ለአራተኛ ክፍል ልጅ 1/72 ደብተር ላይ ሲያየው ደረቅ ክፍልፋይ ነው። ማስመሪያ ይስጡትና ክንፉን ይለካ። በ72 ያባዛ። ወደ ሜትር ይለውጥ። ከዚያ አደባባይ ላይ ወይም ግቢ ውስጥ ያንን ርቀት በእርምጃ ይለካው፤ አውሮፕላኑ ሳሎናችሁ ውስጥ ይገባ እንደሆነ ራሱ ይመልስ። ቀጥሎ በተገላቢጦሽ ይሂድ። አባቱ ቁመቱ 1 ሜትር ከ80 ቢሆን በዚህ ስኬል 2.5 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ባጃጅ 2 ሜትር ተኩል አካባቢ ናት፤ 3.5 ሴንቲ ሜትር ትሆናለች። ላሊበላ ላይ ቤተ ጊዮርጊስ 12 ሜትር ገደማ ጥልቀት አለው፤ ወደ 17 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል። ማካፈሉን አባትና ልጅ አብረው ይሥሩት። «ሒሳቡን ይሥራ» ያለው አባት ሒሳብ ሲሠራ ያየዋል።

ከፍ ያለ ክፍል የደረሰ ልጅ ቤት ውስጥ ካለ ደግሞ አንድ ከበድ ያለ ጥያቄ ይጨምሩለት። ርዝመቱ 72 ጊዜ ካነሰ የክንፉ የገጽ ስፋትስ (ርዝመቱ በወርዱ ሲባዛ) ስንት ጊዜ አነሰ? ብዙው ልጅ፣ ብዙው ትልቅ ሰውም፣ 72 ይላል። መልሱ 72 በ72 ነው፤ 5,184። ይዘቱ ደግሞ አንዴ እንደገና በ72 ይባዛል። ይህን ሰሌዳ ላይ ሳስረዳ የማየው ፊትና ልጁ ሞዴሉን ይዞ ሲገባው የማየው ፊት አይገናኙም።

ሳይንሱም አለ። ፕላስቲኩ ፖሊስታይሪን ይባላል። ቀልጦ በከፍተኛ ግፊት ብረት ቅርጽ ውስጥ ተገፍቶ ነው የተሠራው። ልጅዎ እንዴት እንደሆነ ካልገባው የቤትዎን የፕላስቲክ ሳፋ ገልብጠው ታቹን መሃል ላይ ያሳዩት። ትንሽ እንደ እምብርት ያለች ምልክት ያገኛል፤ ፕላስቲኩ የገባባት በር ናት። የአውሮፕላኑ ቁርጥራጮችም ከፍሬማቸው ሲቆረጡ ያንኑ ጠባሳ ይተዋሉ። ሌላው የስበት ማዕከል ነው። አንዳንድ አውሮፕላን ከፊት፣ አፍንጫው ሥር፣ ጎማ አለው። እንዲህ ያለው ሞዴል ብዙ ጊዜ አፍንጫው ውስጥ ክብደት ካልተጨመረበት በጅራቱ ይቀመጣል። መመሪያው ላይ የክብደት ምልክትና ግራም ካያችሁ ትንንሽ ብሎን በቂ ነው። ብሎኑን ግን ወዲያው አይስጡት። መጀመሪያ በላስቲክ ወይም በፕላስተር አስሮ ያቁመው፣ ወደ ኋላ ሲወድቅ ይየው፣ ለምን ብሎ ይጠይቅ። አካሉ ከተጣበቀ በኋላ አፍንጫው ስለማይከፈት ይህ ሙከራ ከሙጫው መቅደም አለበት።

እንዴት ይርዱት? ከባዱ ጥያቄ ይሄ ነው፤ የብዙ ወላጅ ችግር አለመርዳት ሳይሆን ቶሎ መርዳት ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 ዴቪድ ውድ፣ ጀሮም ብሩነርና ጌል ሮስ የተባሉ ተመራማሪዎች ከ3 እስከ 5 ዓመት ያሉ ልጆች የእንጨት ቁርጥራጭ ገጣጥመው ፒራሚድ ሲሠሩ አስተማሪ እንዴት እንደሚያግዛቸው አጥንተው ነበር። ከዚያ የሥራ መስመር የወጣው መርህ ቀላል ነው፦ ልጁ ሲያቅተው እገዛውን አንድ ደረጃ ከፍ ያድርጉ፣ ሲሳካለት ወዲያው ዝቅ ያድርጉ። በተግባር ሲታይ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ዝም ይበሉ። ካልሆነለት «መመሪያው ምን ይላል?» ይበሉት። አሁንም ካልሆነ ሥዕሉ ላይ ያለውን ቦታ በጣት ያሳዩት። ከዚያ በኋላ ነው ቁርጥራጩን የሚጠቁሙት። የመጨረሻው ደረጃ አንዱን ጎን አብሮ መሥራት ነው፤ ሌላውን ጎን ለብቻው ይሥራ። አውሮፕላን ሁለት ክንፍ ስላለው ለዚህ ይመቻል። እጅዎ አልታዘዝ ካለ ነጠላዎ ውስጥ ይደብቁት።

መበሳጨቱ አይቀርም። አንዳንዴ ትቶት ይነሳል፤ ይነሳ። ሳጥኑ ክዳን አለው። አስገድደው መልሰው ካስቀመጡት ግን ነገሩ ሌላ የቤት ሥራ ይሆንበታል። ለፈተና ውጤት ሽልማት ወይም መቀጫም አታድርጉት።

አሁን ሳጥኑ ላይ ስላለው የጦር አውሮፕላን ሥዕል። ሌላ ቦታ የምትኖር እናት ብትጠይቀኝ ይህን ላላነሳው እችል ነበር። ወሎ ግን በ2014 ዓ.ም. ጦርነት አልፎበታል፤ ደሴና ኮምቦልቻም አልቀረላቸውም። ልጅዎ ያኔ ትንሽ ነበር፤ ትንሽ መሆን ግን አለማስታወስ አይደለም። የጦር አውሮፕላን ሞዴል መሥራት በራሱ ልጅን ጨካኝ አያደርግም። በዓለም ላይ ከሚሸጠው ሞዴል ብዙው ታንክና ተዋጊ አውሮፕላን ነው፤ እኔ ብዙም አልወደውም፣ ግን ያለው እሱ ነው። ከመጀመራችሁ በፊት ዝም ብለው «ይሄን አውሮፕላን ታውቀዋለህ? ምን ያስታውስሃል?» ይበሉት። ካወራ ያዳምጡት፤ አይምከሩት። ደስ ብሎት ስለ ሞተሩና ስለ ፍጥነቱ ካወራ ሥራውን ይጀምር። ፊቱ ከተለወጠ፣ ሌሊት መባነን ከጀመረ ወይም ድምፅ ሲሰማ የሚደነግጥ ከሆነ ሳጥኑ ይቆይ፤ በሆስፒታል የአእምሮ ጤና ባለሙያ ማማከርም ይገባል። ከሳጥኑ ጋር የመጡትን ቦምብና ሚሳይል መለጠፍ ግዴታ አይደለም። ብዙ ልጆች ይህን ምርጫ ሲሰጧቸው ቆም ብለው ያስባሉ።

ስለ እህቱ፦ 6 ዓመት ለዚህ ዕቃ ታንሳለች፤ ቢላዋና ሙጫ አይሰጣትም። ሥራ ግን አላት። ቁርጥራጮቹ ከፋብሪካ ሲወጡ ቅባት ነገር ሊኖራቸው ስለሚችል ፍሬሞቹ ለብ ባለ የሳሙና ውሃ ይታጠባሉ፤ እሷ ትጠበው። ቁጥር ፈላጊም እሷ ትሁን። «14ን አምጪ» ሲላት ከፍሬሙ ላይ 14ን ማግኘት ለአንደኛ ክፍል ልጅ ደህና ልምምድ ነው። «የወንድ ነገር ነው» የሚል ሰው ቤት ውስጥ ካለ ሴቱም ወንዱም በልምምድ ይሻሻላል ያለውን ጥናት ያስታውሱት። ከ3 ዓመት በታች ሕፃን ካለ ግን ሁሉም ነገር ከፍ ካለ ቦታ ይቀመጥ፤ ትንንሾቹ ቁርጥራጮች ጉሮሮ ላይ ይቀራሉ።

መሣሪያ ብዙ አያስፈልግም። ለመቁረጥ ጥሩ የጥፍር መቁረጫ ይበቃል፤ ካተር ካስፈለገ እርስዎ ይያዙት። ለማለስለስ ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ወይም የጥፍር ሞረድ። ለትንንሾቹ ወረንጦ።

ሙጫው ነው ችግሩ። ለዚህ ፕላስቲክ የተሠራው ልዩ ሙጫ ሁለቱን ጠርዝ በትንሹ አሟሙቶ አንድ ያደርጋቸዋል፤ ደሴ ሱቅ ውስጥ በቀላሉ የሚገኝ አይመስለኝም። የሚገኘው ሱፐር ግሉ ነው። ይይዛል፤ ለ10 ዓመት ልጅ እጅ ግን አይሰጥም። ልጁ ቁርጥራጮቹን ገጥሞ ይያዝ፣ እርስዎ ወይም አባቱ በስቴኪኒ ጫፍ ጠብታ ያስነኩ። ይህን ያህል እገዛ ይፈቀዳል። ጣት ከተጣበቀ አይጎተትም፤ ለብ ባለ የሳሙና ውሃ ቀስ እያሉ ማላቀቅ ነው። ዓይን ከነካ በብዙ ውሃ አጥቦ ወደ ሐኪም መሄድ ነው። ጥጥ ላይ ሲፈስ ደግሞ ይግላል፣ ሊያቃጥልም ይችላል፤ ስለዚህ ጋቢና ነጠላ ለብሶ አይሠራበትም። ለመስታወቱ፣ ማለትም አብራሪው የሚቀመጥበት ግልጽ ክፍል፣ ሱፐር ግሉ አይጠቀሙ፤ ጭጋግ ያለብሰዋል። የእንጨት ነጭ ኮላ ይሻላል፤ ሲደርቅ ግልጽ ይሆናል። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አሴቶን ካለው ሞዴሉን ያቀልጠዋል፤ አያስጠጉት።

መስኮት ይከፈት። በተለይ አንድ ነገር፦ የእኛ ቤት ቡና ሲፈላ ሁሉም ሰው እዚያው ነው፣ ልጁም ሳጥኑን ይዞ ይመጣል። የልዩ ሙጫና የቀለም ማቅጠኛ ትነት ተቀጣጣይ ነው፤ ከከሰል ምድጃ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ አይከፈትም። ያለ ሙጫ መግጠሙን፣ ቁጥር መፈለጉን፣ መለካቱን ግን እዚያው ይሥራ። እንዲያውም ለአንድ ቀን ሥራ ጥሩው ልክ ይሄ ነው፤ ከአቦል እስከ በረካ። ከዚያ በላይ የልጅ እጅ ይደክማል፣ ስህተት ይበዛል። ቅዳሜና እሑድ ብቻ ከሆነ አባቱም አይቃወምም።

አሁን ብዙ ሰው የሚረሳውን ላንሳ። ይህ ሳጥን አንድ ጉድለት አለው፤ ሁሉንም ነገር ሌላ ሰው አስቦ ጨርሶታል። ልጁ የሌላ ሰው ዕቅድ ነው የሚከተለው። የእኛ ሰፈር ልጆች በሽቦና በቆርኪ የሚሠሩት መኪና ተቃራኒው ነው፤ መመሪያ የለም፣ ቁጥር የለም፣ መሪው እንዲዞር ምን ይደረግ የሚለውን ልጁ ራሱ ይፈታዋል። የሽቦ መኪና የሚሠራ ልጅ ያለው ወላጅ ተገጣጣሚ ሞዴል ባለመግዛቱ ልጁ ትልቅ ነገር ያመለጠው አይምሰለው። አንዱ ሌላውን አይተካም፤ ሁለቱ ሲገናኙ ነው የሚጥመው። ልጅዎ አውሮፕላኑን ሲጨርስ የሽቦ መኪና ይሥራና መመሪያውን እሱ ይሣል። ጽሑፍ አይፈቀድም፤ ሥዕል፣ ቁጥርና ቀስት ብቻ። ከዚያ ወረቀቱን ለጎረቤት ልጅ ይስጥና ልጁ መሥራት ይችል እንደሆነ ይየው። አይችልም መጀመሪያ። የት ጋ እንደተደናገረ አይቶ ሥዕሉን ያስተካክላል። ከሁሉም የበለጠ የምወደው ልምምድ ይሄ ነው፤ አንድ ብር አያስወጣም። ካርቶን ካለ ደግሞ አውሮፕላኑ የሚያድርበትን ጋራዥ በዚያው በ1/72 ይሥራ፤ በሩ ስንት ሴንቲ ሜትር መሆን እንዳለበት አስልቶ።

ቀለም ለአሁኑ ይቅር። ብዙዎቹ ሞዴሎች ያለ ቀለምም ደህና ይመስላሉ፤ በውሃ ተነክረው የሚለጠፉት ምልክቶች ይበቃሉ። ምልክቱ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ጥቂት ቆይቶ ከወረቀቱ ሲላቀቅ በእርጥብ ብሩሽ እየተገፋ ቦታው ላይ ይቀመጣል፤ ችኮላ ከተጨመረበት ይቀደዳል።

አክስቱ «ሌላ ልላክ?» ካለች ሦስት ነገር ይንገሯት። በመጀመሪያ ያለ ሙጫ ተጫኖ የሚገጠም ዓይነት ትፈልግ፤ ለእህቱም ይሆናል። ሁለተኛ፣ የመንገደኛ አውሮፕላን ትምረጥ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ1946 ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው በዳግላስ ሲ-47 ነው፤ ሞዴሉን የሚሠሩ ፋብሪካዎች ብዙ ናቸው። እውነተኛው ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 29 ሜትር ገደማ ስለሆነ በ1/72 40 ሴንቲ ሜትር፣ በ1/144 ደግሞ 20 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ መደርደሪያችሁን ለክታችሁ ንገሯት። ሦስተኛ፣ ሙጫና ቀለም በሰው ሻንጣ ከማስያዟ በፊት አየር መንገዱን ትጠይቅ። ተቀጣጣይ ፈሳሽ ስለሆኑ ኤርፖርት ላይ ሊያስቀሯቸው ይችላሉ።